መጀመሪያ የሚቀረው የማን በረራ ነው?

ከአዲስ አበባ ለንደን ደርሶ መልስ የሚበር አንድ ተሳፋሪ ወደ 1 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከነዳጅ የሚያስወጣው 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። «ውጭ ሄዶ መማሩ ይቅርና በኦንላይን ይሁን» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። ሂሳቡ ልክ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላለ ተማሪ ቀድሞ ሲነገር ግን ተራው ተዛብቷል።

ተማሪው በአንድ ደርሶ መልስ የ2 ዓመት ትምህርት ይዞ ይመጣል። ለ1 ሳምንት ብሎክ ኮርስ (ታጭቆ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት) ወይም ለ2 ሰዓት ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ለመፈተን) ከለንደን የሚመጣ መምህር ያንኑ 1 ቶን ይፈጃል። ቀድሞ መቅረት ያለበት የመምህሩ በረራ ነው። ዲፌንስ በቪዲዮ ቢሆን የሚጎድል ነገር የለም (ከምሳ ግብዣው በቀር)። የአፈር ላቦራቶሪና የቀዶ ሕክምና ልምምድ ግን በስክሪን አይሆንም፤ ለእነዚህ ተማሪው ይሂድ።

ኦንላይኑም ቢሆን እንደ አያያዙ ነው። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢንተርኔት 1 ሰዓት ቪዲዮ ማየት 36 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስወጣ ገምቷል፤ በዚህ ስሌት 400 ሰዓት ትምህርት 15 ኪሎ አይሞላም። መብራት ሲጠፋ ነው ጉዱ። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ፣ በሰዓት 5 ሊትር የሚጠጣ ጄኔሬተር ለአንድ ክፍል ሲነሳ የ400 ሰዓቱን ያህል በ1 ሰዓት ይተፋል። 75 ሰዓት ከሠራ በረራው ቀረ ማለት ዋጋ የለውም።

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚጠፋው ዋይፋይ ራውተሩ ነው። የራውተሩ ቻርጀር ላይ 12 ቮልት የሚል ከሆነ፣ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊድ ባትሪ በፊውዝ አድርጎ በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል። 10 ዋት የሚወስድ ራውተር በባትሪው ግማሽ ብቻ 4 ሰዓት ይቆያል፤ እስከ ታች ከወረደ ባትሪው ዕድሜው ያጥራል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተቀያየረ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል። በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ መልሶ ወደ 12 ማውረድ ኃይል ማባከን ነው።

መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ በሞባይል ዳታ ለሚማር ደግሞ ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ የ1 ሰዓት ድምፅ 15 ሜጋባይት አይሞላም። ትምህርቱ በድምፅና በፒዲኤፍ ዋዜማውን በቴሌግራም ይላክ፤ የቀጥታው ሰዓት ለጥያቄ ብቻ ይዋል።

በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በፍላሽ የተቀመጠ ትምህርት ይቀጥላል፤ መገኘትን በሎጊን የሚቆጥር ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪውን ቀሪ ብሎ ይመዘግበዋል። ኔት ሲቋረጥ የፈተናና የአሳይመንት ቀን እንደሚራዘም ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።