«ያለ ምንም ማስተካከያ ይገጥማል»

ይህን ዓረፍተ ነገር በመኪና ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የጻፈውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው፣ ሜሪላንድ ካለው ጋራዤ አስገብቼ፣ ካርቶን አንጥፌ በጀርባው አስተኝቼ፣ መብራቱንም ራሴ ይዤለት «በል እንግዲህ ግጠምልኝ» እለው ነበር። መኪናዬ መቆሚያ ላይ ከተሰቀለች ሰባት ወር ሆኗታል። ስትሰቀል የታሰበው ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ነበር።

የ1972 ኮርቬት ናት፤ ሼቭሮሌት የሚሠራት የስፖርት መኪና። ከፋብሪካ ስትወጣ 350 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ ሞተር ነበራት፤ የተመዘገበላትም 200 የፈረስ ጉልበት ነው። ቁጥሩ ትንሽ የመሰለው በከፊል የመለኪያው ለውጥ ስላለበት ነው፤ በዚያ ዓመት ሞተሩ ከነሙሉ ተቀጽላው መኪናው ላይ እንዳለ የሚሰጠውን የተጣራ ጉልበት መጻፍ ተጀምሮ ነበር። ከእኔ በፊት የያዛት ሰው ይህንን ሞተር አውርዶ 454 ኪዩቢክ ኢንች የሆነውን ትልቁን ጫነባት፤ ተሻሽሎ ወደ 500 የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ የሚያሳየውንም የመለኪያ ወረቀት ከቁልፉ ጋር አስረከበኝ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በስተኋላ ያለውን ግን አንድም ብሎን አልነካም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ኮፈኗን ከፍቼ ስደመም ከሥሯ መግባት ረሳሁ።

ከገዛኋት በሁለተኛው ወር ፍሪሲዮን በለቀቅሁ ቁጥር ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ መምጣት ጀመረ። በክሪክ አንሥቼ የቀኙን ጎማ ከላይ ይዤ ስገፋው ወደ ውስጥ ገባ፤ ስስበው ተመለሰ። ጎማ በዚያ አቅጣጫ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ፣ አለዚያ ብሶቴ አይገባም። ኮርቬት እስከ 1962 ድረስ የኋላ ጎማዎቿ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ነበሩ። በ1963 በዞራ አርኩስ-ዱንቶቭ የሚመሩት መሐንዲሶች እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው የሚነሣበትንና የሚወርድበትን አሠራር አመጡ። ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም ጋር ታስሮ ይቀመጣል፤ ከግራና ከቀኙ ጉልበቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱ ሁለት ዘንጎች፣ ሴሚያሶች፣ ይወጣሉ፤ በየጫፋቸው እየታጠፈ የሚዞር መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራ፣ አለ፤ ከበታቻቸው በአግድም የተዘረጋ አንድ ባሌስትራ (ዝርግ ስፕሪንግ) ሁለቱንም ጎማዎች ይሸከማል። ብልሃቱም መከራውም ያለው ሴሚያሱ ላይ ነው። ሴሚያሱ ኃይል ከማስተላለፉ በላይ ጎማውን ከላይ ደግፎ የሚያቆም ክንድ ሆኖም ያገለግላል። ጃጓርም በ1961 ባወጣው ኢ-ታይፕ ላይ በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል፤ ስለዚህ ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን መታጠፊያ ላይ ከመንገዱ ወደ ጎን የሚመጣው ግፊት በሴሚያሱ በኩል አልፎ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገባና፣ እዚያ ካለው መስቀለኛ ፒን ጋር በሚነካካ አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፋል። ብረት ከብረት ጋር ሃምሳ ዓመት ሲፋጭ ጫፉ ያልቃል፤ ጫፉ ባለቀ መጠን ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደማል፤ በዚህ ላይ 500 የፈረስ ጉልበት ሲጨመር ክሮቼራው የሚሰበርበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ እንደ አስተዋይ ሰው አስቀድሜ ልጠግን ተነሣሁ። ጫፋቸው በሙቀት የጠነከረ ሁለት አጫጭር ዘንጎች፣ ከፋብሪካው የወፈሩ ሁለት ሴሚያሶች፣ 1350 በሚባለው ትልቁ መለኪያ የተሠሩ አራት ክሮቼራዎች አዘዝሁ። ክሮቼራዎቹ የግራሶ ቀዳዳ የሌላቸው ናቸው፤ መሐላቸው ስላልተቦረቦረ ይበልጥ ይጠነክራሉ። ገጹ ላይ «ከ1963 እስከ 1979 ለተሠራ ኮርቬት ሁሉ ያለ ምንም ማስተካከያ ይገጥማል» የሚል ተጽፏል። አነበብሁ፤ አመንሁ፤ ከፈልሁ።

ዕቃው ሲደርስ በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ያለ ችግር ገባ። በጎማው በኩል ግን መኪናው ላይ ያለው ፍላንጅ፣ ሴሚያሱ ከጎማው ዘንግ ጋር የሚታሰርበት ብረት፣ የተሠራው ለትንሹ ክሮቼራ ነው፤ ትልቁ አጠገቡም አይደርስም። ሻጩ ዘንድ ስደውል ስልኩን ያነሣው ልጅ ምንም ሳያፍር «እሱማ ለብቻው ነው የሚሸጠው» አለኝ። «ታዲያ ያለ ምንም ማስተካከያ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፍላንጁን ከገዙ በኋላ ማስተካከያ አያስፈልገውም» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ!

እዚህ ላይ የአዲስ አበባውን የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሱማሌ ተራን አስታወስሁ። በአሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሬም እነዚህን ዕቃዎች የማስባቸው አዲስ አበባ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ በለመድሁት፣ ጣሊያን ጥሎልን በሄደው ስማቸው ነው፤ ስልክ ላይ የእንግሊዝኛውን ስም ለማስታወስ ስንተባተብ ሰዎቹ ነገሩ ያልገባኝ ይመስላቸዋል። ሱማሌ ተራ ያለ ነጋዴ ዋጋ ላይ ሊያስለቅሳችሁ ይችላል። ነገር ግን «አሮጌውን አምጣው» ይላችኋል። ከመደርደሪያው ያወረደውን ካመጣችሁት ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ በጣቱ ይለካል፣ ካልገጠመም «ይሄ አይሆንህም፣ ወደዚያ ማዶ ጠይቅ» ብሎ ይሸኛችኋል። እዚህ ግን ሥዕል፣ ኮከብና ነጻ ማጓጓዣ አለ፤ በክሮቼራው ጫፎች ላይ የሚገባው ኩባያ ስንት ኢንች እንደሆነ የሚናገር አንድ መሥመር የለም።

ፍላንጁንም ገዛሁ። አሮጌውን ስፈታ ደግሞ ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ ራሱ በኩሽኔታዎቹ (በሚዞርባቸው ቤሪንጎች) መካከል እንደሚወዛወዝ አየሁ። ይህ ዘንግ በሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል፤ በመካከላቸው የሚገባው ክፍተት ጠባቂ ቀለበት፣ ስፔሶሩ፣ ውፍረቱ ተለክቶ ይመረጣል፤ ፋብሪካው የፈቀደው የመወዛወዝ መጠን ከ0.001 እስከ 0.008 ኢንች ብቻ ነው፣ ጠንቃቃ ባለሙያዎችም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ያስጠጉታል። ከውጭ ግራሶ የሚሰጥበት ቀዳዳ አልተሠራለትም። ኩሽኔታውን ለመለወጥ ዘንጉ በፕሬስ (በመጭመቂያ መሣሪያ) ተገፍቶ መውጣት አለበት፤ ፕሬስ ላይ ለመጫን ደግሞ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ረጅሙ ክንድ ከመኪናው መውረድ አለበት።

ስለዚያ ክንድ ያለኝ ቂም የተለየ ነው። ክንዱን የሚይዘው ብሎን ሻንሲው ውስጥ ባለ ጠባብ ኪስ ገብቶ በክንዱ ጫፍ ባለው ቦኮላ (የላስቲክ ማቀፊያ) መካከል ያልፋል፤ በሁለቱም ጎን የጎማውን አቅጣጫ የሚያስተካክሉ ስስ የብረት ቁርጥራጮች ይታጨቃሉ። ከሃምሳ የክረምት ጨው በኋላ ብሎኑ፣ ቦኮላውና ቁርጥራጮቹ አንድ ብረት ሆነዋል። ሌላ መኪና ቢሆን እሳት ይለቀቅበትና ይላቀቃል። የኮርቬት አካል ግን ፋይበር ግላስ ነው፤ እሳት ይዞ ከሥሩ የሚገባ ሰው መኪናውን ከነጋራዡ ሊያቃጥል ይችላል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በጀርባ ተኝቶ በኤሌክትሪክ መጋዝ ብሎኑን በክንዱና በኪሱ መካከል ባለው ክፍተት፣ በግራም በቀኝም መቁረጥ። ሁለት ቅዳሜና አሥራ አንድ የመጋዝ ስለት ፈጀብኝ። ዝገቱ ከዓይኔ ሽፋን ሥር ገብቶ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳነባ ያዩኝ እናቶች ንስሐ የገባሁ መስሏቸው ነበር።

ክንዶቹን ይዤ፣ ፕሬስ ስለሌለኝ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድሁ። የቀኙን ከሦስት ሳምንት በኋላ «አልቋል» ብለው ሰጡኝ፤ የግራው ወረፋ ላይ ነው አሉ። ቤት አድርሼ ዘንጉን በእጄ ላዞረው ብሞክር አልንቀሳቀስ አለ። ባለ መርፌ መለኪያ አምጥቼ ገፋሁ፣ ሳብሁ፤ መርፌዋ ከዜሮ አልተነሣችም። ስፔሶሩን ሳይለኩ፣ ያገኙትን ከትተው፣ ዳዶውን ጨምቀው ዘግተውታል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ መንገድ ቢወጣ ኩሽኔታው ግሎ ይነክሳል፣ ዘንጉንም ይዞ ይሞታል። መልሼ ስወስደው የተሰጠኝን መልስ ልብ በሉልኝ፦ «ሲነዱት ይላላል»። ጫማ ነው እንዴ? ገንዘቤን አልመለሱም። የግራውን ክንድ ሳይነኩት ተቀብዬ ወጣሁ፤ ፕሬስና ትክክለኛውን ማውጫ መሣሪያ ገዝቼ ሥራውን ራሴ ጀመርሁ፤ ለመሣሪያ ያወጣሁትም ለሴሚያሶቹ ካወጣሁት በለጠ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በፋብሪካው የፍሬን ዲስኩ ከዘንጉ ጋር በሪቬት ተያይዞ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ተስተካክለው ነበር የወጡት። ዘንጉን ለማውጣት ሪቬቶቹን በመሰርሰሪያ አወጣሁ፤ እንደገና ስገጥመው ዲስኩ ሲዞር በጥቂት ሺህኛ ኢንች ይዋልላል። «ታዲያ ይህ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ከ1965 ጀምሮ በዚህች መኪና አራቱም ጎማዎች ላይ ያለው ፍሬን በአንድ ጎማ አራት ፒስተን አለው፤ የሚዋልል ዲስክ ፒስተኖቹን ወደ ኋላና ወደ ፊት እየመታ በላስቲኩ በኩል አየር ያስገባል፣ ፔዳሉም ከቀን ወደ ቀን ይሰምጣል። የጉልበት ማስተላለፊያ ላጠነክር ገብቼ ፍሬን ላይ ደረስሁ።

ዲፈረንሻሉን መክፈቴ ደግሞ የማይቀር ነበር። መስቀለኛው ፒን በዘንጎቹ ጫፍ ተቦርቡሯል፤ ሼቭሮሌት ፖዚትራክሽን ብሎ የሚጠራው፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲገፉ የሚያደርገው ክፍል ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ጠቁረዋል። ኮሮናውና ፒኞኑ፣ ሁለቱ ዋና ጥርሶች፣ ደኅና ናቸው፣ እነሱን ስሜ አመሰገንሁ። የዲፈረንሻል አሮጌ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል ሽታ ስላለው ልብሴን ከቤተሰቡ ልብስ ጋር እንዳላጥብ ባለቤቴ ከልክላኛለች፤ በዚህ ጉዳይ እርሷ ትክክል ናት።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ እንደ ታላቅ ወንድም የማከብረው ሰው መጥቶ ከሥሯ አጎንብሶ ካየ በኋላ «በዚህ ገንዘብ ሁለት ካምሪ ይገዛል እኮ፣ ወንድሜ» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ሌሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ቆርጠህ ጣልና ወጥ አክስል ግጠም ይሉኛል። ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ ለሚሮጥ ሰው ምክሩ ያስኬድ ይሆናል። እኔ ግን የገዛሁት በመታጠፊያ ላይ እያንዳንዱ ጎማዋ መንገዱን ለብቻው የሚከተለውን መኪና ነው፤ ይህን ካወጣሁባት ከ1962ቷ በምን ትሻላለች?

በመኪናዋ አልተናደድሁም። አሮጌ መኪና ማለቋን አትደብቅም፤ ገፋ አድርጎ ለያዛት ሰው ትናገራለች። በወጭው ብቻም አይደለም፣ ምንም እንኳ 900 ዶላር ብዬ የጀመርሁት ሥራ 4,000 ዶላርን ቢያልፍም። የሚያቃጥለኝ ይህን ሁሉ ሻጩ ያውቅ የነበረ መሆኑ ነው። ፍላንጁን የሚሸጠው እርሱ ነው፤ ኩሽኔታውንም፣ ስፔሶሩንም፣ መስቀለኛውን ፒንም የሚሸጠው እርሱ ነው። ትልቁን ክሮቼራ የገዛ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለፍላንጅ እንደሚደውል ከእኔ በፊት የደወሉት ነግረውታል። በገጹ ላይ ሦስት መሥመር ቢጨምር፣ ይኸውም የክሮቼራው ኩባያ ስፋት፣ አብሮ መለወጥ ያለበት ፍላንጅ፣ ከመታዘዙም በፊት መፈተሽ ያለበት ኩሽኔታ መሆኑን ቢጽፍ፣ እኔ ሁሉን አውቄ፣ ገንዘቤን ቆጥሬ፣ ክረምት ሳይገባ እጀምረው ነበር። ቢበዛ አንድ ሁለት ገዢ ይቀርበት ይሆናል። እርሱ ግን መኪናዋ ከተፈታች በኋላ የሚደውል ሰው ዋጋ እንደማይከራከር ያውቃል።

ባለፈው ማክሰኞ ከዚሁ ሻጭ መልእክት ደረሰኝ፤ ስለ ዕቃው ያለኝን አስተያየት በኮከብ እንድገልጽ ይጠይቃል። «ዕቃው በቀላሉ ገጥሟል?» ከሚለው ጥያቄ ሥር ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፤ አዎን እና አይደለም። «አይደለም» የሚለውን ስጫን የሚቀጥለው ገጽ ለመመለስ ዕቃው ያልተገጠመና በመጀመሪያው ሳጥኑ ውስጥ ያለ መሆን እንዳለበት ገለጸልኝ። ሳጥኑ የክንዶቹ ብሎኖች ማስቀመጫ ሆኗል።

የቀኙን ክንድ ፈትቼ እንደገና ለክቼዋለሁ፤ 0.003 ኢንች ላይ ለማምጣት የሚያስፈልገው ስፔሶር ታዟል። ቅዳሜ ከደረሰ ያን እዘጋለሁ፤ የግራው ግን ገና ፕሬሱ ላይ አልወጣም።