ውዳሴ አከራይ ዘኮንዶሚኒየም

ጀግኖቻችንን በቁማቸው ሳናመሰግን ከሞቱ በኋላ ሐውልት እናቆማለን እየተባልን ስንወቀስ ኖረናል። ወቀሳው እኔን እንዳይመለከተኝ፣ በሕይወት ያለውን፣ ጤናው የተሟላውን፣ ወር በጠባ ቁጥር በማለዳ ደውሎ ደኅንነቴን የሚጠይቀውን አንድ ጀግና ዛሬ በአደባባይ ላመሰግን ተነስቻለሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ያከራየውን ወገናችንን ማለቴ ነው።

ከሌላው አከራይ ጋር እንዳታምታቱብኝ። ከአባቱ ግቢ የወረሰ ሰው ሰርቪስ ቤቱን ቢያከራይ ምኑ ይደንቃል? ዳክዬ ዋኘች ብሎ የሚያጨበጭብ የለም። እኔ የማወድሰው ዕድሜውን በሰው ቤት የጨረሰውን፣ «መጠለያ የለኝም» ብሎ ፈርሞ የተመዘገበውን፣ ቤት ለሌለው ተብሎ የተሠራ ቤት በዕጣ የደረሰውን፣ ቁልፉን በተረከበ በሳምንቱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ «ስንት ናችሁ?» ማለት የጀመረውን ሰው ነው።

ይህ ችሎታ በአንድ ጀምበር አይገኝም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ካልቆየ ቅኔ አይዘርፍም። አከራይነትም የራሱ ጉባኤ ቤት አለው፤ ስሙ ተከራይነት ይባላል። ወገናችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ከዋናው ቤት ሲጠፋበት፣ ለልብስ ማጠቢያ ሁለት ባልዲ ውኃ ተቆጥሮ ሲሰጠው፣ እናቱ ከገጠር ሊጠይቁት መጥተው በአራተኛው ቀን አከራይቱ ገመድ ላይ ልብስ እያሰጡ «ሽንት ቤቱ ዘንድሮ ቶሎ ሞላ» ሲሉ፣ እኛ ሞኞቹ ተበደለ ብለን አዘንንለት። ለካስ እየተማረ ኖሯል! አንዲት ቃል ሳትወድቅበት ሁሉንም በቃሉ ይዟል። ዕጣው የወጣ ሌሊት ተከራይ ሆኖ ተኝቶ መሪጌታ ሆኖ ነቃ።

ይህን ሙያ ለማጥፋት የሞከረ አልጠፋም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ አከራይን ከነሥሩ የነቀለ መስሎት ነበር። አከራይነት ግን ሰርዶ ነው፤ ከላይ ሲያጭዱት ከሥር ይስባል። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ነባርና አዲስ፣ በቅድሚያ ክፍያና በብድር መቶኛ ደግሞ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባልን እንደ ብር ተዘረዘርን። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ተለየ። ለአከራይነት ዕጩዎች የተለየ ድርሻ አልተመደበም፤ ትሑታን ስለሆኑ ቅር ሳይላቸው በየድርሻው ውስጥ ተከፋፍለው ገቡ።

በዚያ ሰሞን ስንት የሞቀ ትዳር በወረቀት ፈረሰ! አንድ ቤተሰብ አንድ ዕጣ ስለተባለ፣ ማታ በአንድ ትሪ የበሉ ባልና ሚስት ጠዋት ወረዳ ሄደው በየፊናቸው «ያላገባ»፣ «ያላገባች» የሚል ማስረጃ ይቀበላሉ። ለፍቺ የዚህን ያህል የተስማሙ ጥንዶች የአገር ሽማግሌዎቻችን አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እኔም ከ97ቱ ነባሮች ነኝ። ባለ አንድ መኝታ መርጬ በወር 274 ብር ቆጠብኩ። በስልሳ ወር ሲባዛ 16 ሺህ 440 ብር ነው። ያን ጊዜ ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይበቃል የተባለው ገንዘብ ዛሬ ለአከራዬ የሁለት ወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። ዕጣ አልወጣም እንዳልል ወጥቷል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25 ሺህ 491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ያልቆጠቡ ሰዎችን ጨምሮ መገኘቱ ተነግሮ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ስሜ የለም። ኮምፒውተሩም ለዘመዶቹ ቤት ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል ብዬ፣ የራሴ እስኪደርሰኝ የደረሰውን ልከራይ ወጣሁ።

ደላላው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ተቀበለኝና በባጃጅ ወደ ኮዬ ፈጬ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልነገረኝም፤ ስለ እኔ ግን አጠናኝ።

«መምህር፣ ልጆች ስንት አሉህ?»

«ሁለት።»

«አንድ በል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ቆየት ብለህ ታመጣዋለህ። ሶፋና ልጅ ቀስ በቀስ ነው የሚገባው።»

አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ለልብ ጥሩ ነው። በሩ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ኮት የለበሰ ሰው ቆሟል። ቁልፎቹን በጫማ ክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏቸዋል፤ ሲተነፍስ ይንሿሿሉ። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ መጀመሪያ ጫማዬን አየ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነን፣ ጋሼ።»

«ሥራ?»

«መምህር ነኝ።»

«መምህር ደኅና ነው፤ ጠጥቶ አያመሽም፤ በምኑ ይጠጣል? እንግዳ ይበዛብሃል?»

«እንግዳ የለኝም።»

«ዘመድ?»

«ዘመድም የለኝም።» እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ አምስት እህትና ወንድም አሉኝ።

«እንጀራ ትጋግራላችሁ? ምጣድ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል።»

«እንገዛለን።»

«ሚስማርስ?»

«ምን ሚስማር?»

«ግድግዳ ላይ ሚስማር ትመታለህ ወይ? ጂብሰሙን በስንት ብር እንዳሠራሁት አታውቅም። ፎቶ ምናምን ትሰቅላላችሁ?»

«ፎቶ የለንም» አልኩ። ዘመድ የሌለው ሰው የማንን ፎቶ ይሰቅላል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የዚህን ያህል አላላበኝም። ስጨርስ ራሴን ታዘብኩት፤ ዘር የለኝ፣ ምጣድ የለኝ፣ ትዝታ የለኝ። ከእኔ የተሻለ ተከራይ ሊሆን የሚችለው ሟች ብቻ ነው፤ እርሱም በወቅቱ አይከፍልም። «ቤት ለእንግዳ!» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው እንግዳን እንዲህ በሦስት ቃል ማስካድ መቻሉን ሳስብ፣ ለመምህርነት የተፈጠረው እርሱ እንጂ እኔ አለመሆኔ ገባኝ።

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው ተብዬ ነበር፤ እውነትም ሁለት ናቸው። አንደኛው ተቆልፏል። በቁልፍ ቀዳዳው ብታይ አንድ እግሩ የተሰበረ ቡፌ፣ ለማኅበር የሚወጣ ትልቅ ብረት ድስትና ከወለሉ የተረፈ ሴራሚክ ተደርድሮ ይታይሃል። «የእኔ ዕቃ ነው፤ አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይረብሽህም» አለኝ። ልክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚኖር፣ ኪራይ የማይከፍል፣ ስንት ነህ ተብሎ የማይጠየቅ ደባል አለኝ። አንዳንድ ሌሊት በጀሪካን ውኃ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ደርሼ ስቀመጥ፣ ያ ድስት ከግድግዳው ማዶ እግሩን ዘርግቶ መተኛቱን ሳስብ እቀናበታለሁ።

ሕግ አያከብርም የሚሉት ምቀኞች ናቸው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ከሚወሰነው አይለፍ፣ ውሉም በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። አከራዬ አዋጁን እንዴት እንደሚያከብረው ባያችሁ! ከማክበሩ ብዛት ለብቻው ውል አዘጋጅቶለታል። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሁለት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። በአንደኛው ኪራዩ ግማሽ ነው፤ ይህ ወረዳ ሄዶ ይመዘገባል፣ ግብሩም በእርሱ ይሰላል፣ ገንዘቡም በባንክ ይገባል። በሁለተኛው ኪራዩ ሙሉ ነው፤ ይህ ማኅተምም ምስክርም የለውም፤ እዚያው ኪሱ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። «ያኛው የመንግሥት፣ ይህኛው የሆድ ውል ነው» አለኝ።

ቅድመ ክፍያውን ሲነግረኝ «የስድስት ወር» አለ።

«ጋሼ፣ አዋጁ እኮ ሁለት ወር ነው የሚለው።»

«ሁለቱ ለአዋጁ ነው፤ አራቱ ለእኔ» አለኝ፣ ድካም በሌለው ድምፅ፣ ክፍልፋይ ያልገባውን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። ደላላው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እርሱ ከሁለታችንም የሚቀበል ስለሆነ ሁልጊዜም ገለልተኛ ነው።

ልፈርም ብዕር ባነሳሁበት ቅጽበት የሰውየው ስልክ ጮኸ። ስሙን አይቶ ብድግ አለ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወለሉ ላይ፣ ቁልፎቹን በአንድ እጁ ጨብጦ እንዳይንሿሿሉ እያደረገ ቆመ።

«እሺ እትዬ... አይ፣ እንግዳ አይደለም፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ነገ ይሄዳል... ኳሱን ወስጄበታለሁ እትዬ፣ ሁለተኛ በሩን አይመታም... እሺ፣ ከአንደኛው ቀን በፊት...»

ስልኩን ዘግቶ ሲቀመጥ ትንሽ አጥሮ ነበር። ቄራ አካባቢ ጓሮ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው ለካ። ኮዬ ከልጆቹ ትምህርት ቤትም ከሥራውም ራቀበት፤ ለታክሲ ከሚገብር ብሎ እዚህ አከራይቶ እዚያ ይከራያል። «አሁን ሦስት ሺህ ጨመረችብኝ» አለ፣ ወረቀቱን ወደ ራሱ እየሳበ። ከዚያም በሆድ ውሉ ላይ የነበረውን ቁጥር ሰርዞ አዲስ ጻፈ። ጭማሪው ከቄራ ሦስት ሺህ ሆኖ ተነስቶ ኮዬ ሲደርስ አንድ ሺህ ወልዶ ነበር።

በዚያች ደቂቃ አላዘንኩለትም ብል ዋሽቻለሁ። ግን ምስጋናዬን የሚያጎድለው ነገር የለም፤ እንዲያውም ይጨምረዋል። ጠዋት የተማረውን ከሰዓት በኋላ የሚያስተምር ሊቅ በየትኛው ደብር ይገኛል? ከእርሳቸው የሰማውን ሳይሰንፍ፣ ሳያጣምም፣ ትኩስ ትኩሱን ያመጣልኛል። እትዬ ማክሰኞ ስለ ውኃ ከተናገሩ ረቡዕ እኔ ጋ ይደወላል።

ፈርሜ ስጨርስ «አንተስ ተመዝግበሃል?» አለኝ።

«የ97 ነባር ነኝ።»

ፊቱ በራ። እስከዚያች ደቂቃ ያላየሁት ሰው ከዚያ ኮት ውስጥ ብቅ አለ። ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ ወንድሜ፣ ይደርስሃል! እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር» አለኝ። እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ሦስት ደረጃ ወርጄ እንደገና ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ፤ «ብቻ ሲደርስህ ልጅ ያለው እንዳታስገባ።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሁለተኛው ልጄ በደላላው ምክር መሠረት ከሶፋው በኋላ ገብቷል። አከራዬ ሲመጣ የባለቤቴ የእህት ልጅ ነው፤ ለክረምት ዕረፍት የመጣ። ዕረፍቱ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ልጁ ሚናውን አሳምሮ ያውቃል፤ ቁልፍ ሲንሿሿ ከደረጃው ከሰማ «አባዬ» ማለቱን ትቶ «አጎቴ» ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ታላቅየዋ ደረጃው አናት ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። የቴሌቪዥን ካርቶን አቁመው በመቀስ በር ቀድደውለታል። የእኔዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ የጫማ ክር አለ። ጎረቤቷ አንዲት አሻንጉሊት በእጇ ይዛ፣ ሌላዋን ከጀርባዋ ደብቃለች።

«ስንት ናችሁ?» አለች ልጄ።

«ሁለት ነን።»

«እንግዳ ይበዛብሻል?»

«ኧረ የለብኝም።»

«እሺ፣ ቅድመ ክፍያ የሁለት ወር።» ጎረቤቲቱ ሁለት ቆርኪ ቆጥራ ሰጠቻት።

ልቤ ደነገጠ። ጨዋታውን አስቁሜ ወደ ቤት ጠራኋትና ከፊቴ አስቀመጥኳት።

«ልጄ፣ ሁለቱ እኮ ለአዋጁ ነው» አልኳት። «የአንቺ አራት የት አለ?»