ቴክኒሻኑ ሲለቅ ማስታወቂያ ሳይሆን ውል ይዘጋጅ

በደሞዝ የኖረ ባለሙያ «ለቅቄ በግሌ ልሠራ ነው» ሲል ጅማ ላይ የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ጡረታህስ?» ይሉታል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ጡረታ በቀላሉ የሚተው ነገር አይደለም። እኔ በአንድ ተቋም የፒያኖ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ አሁን በግሌ እሠራለሁ። ይህ ሙያ ከወር ደሞዝ ይልቅ ለውል እንደሚመች ደግሞ አምናለሁ።

ምክንያቱ ፒያኖው ራሱ ነው። 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ የብረት ክሮች አሉት። ድምፁን የሚያጎላው ከክሮቹ ጀርባ ያለው ስስ የእንጨት ገበታ ነው። እንጨት እርጥበት ይጠጣል። ዝናብ ሲበዛ ገበታው ያብጣል፣ ክሮቹን ይገፋል፣ ቅኝቱ ከፍ ይላል። በጋ ሲሆን ይደርቃል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በልጉ ከክረምቱ ጋር ተያይዞ ለወራት ይዘንባል። ከዚያ ኅዳር ይመጣና አየሩ ይለወጣል።

ስለዚህ ፒያኖ ባለሙያ የሚፈልገው ወቅት ሲቀየር ነው። አንድ ጊዜ ክረምቱ ከጠና በኋላ፣ አንድ ጊዜ በበጋው። በመሃል ቁልፍ ሲይዝ ወይም ክር ሲበጠስ ይጠራል። አንዱን በደንብ ለመቃኘት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሁለት ሦስት ፒያኖ ያለው ተቋም ይህን ሰው ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ቢያስፈርመው ምን ይጠቀማል? ሥራ ሲጠፋ ለስብሰባ ማይክ ግጠም ይባላል። እጁም ጆሮውም ይደክማል።

ሥራው ሲመጣ ደግሞ ዕቃ የለም። ለአንድ ክር ማመልከቻ ይጻፋል። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። የፒያኖ ክር የሚሸጡ ሦስት ሱቆች ከየት ይምጡ? ክሩ በውፍረት ቁጥር ይለያያል፤ ያልሆነው ከተገጠመ ድምፁ ይበላሻል። አሁን ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣለሁ፣ በየቁጥሩ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ሲደወል ቦርሳዬን አንሥቼ እሄዳለሁ።

ጅማ ላይ በፒያኖ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር አይቻልም፤ ይህን ደብቄ ማንንም አላደፋፍርም። እንጀራዬ በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድ ነው። ከቁልፉ ሥር ያለው የጎማ ኮንታክት አቧራ ሲይዝ አንዱ ኖታ ይጠፋል፣ ወይም ቀስ ብለው ሲነኩት ይጮኻል። ብዙዎች ሊጥሉት ይነሣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ፈታትቶ ማጽዳት ይበቃል። የእንጨት ሥራ ሲያጋጥመኝ ለአናጺ እሰጣለሁ፤ በበርጩማው በታወቀ ከተማ በዚህ አልተቸገርኩም።

የሚለቅም ሰው በአግባቡ ይልቀቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ንብረት ያስረክብ፣ ክሊራንስ ይጨርስ። እያንዳንዱ ፒያኖ መቼ እንደተቃኘና ምን እንደተቀየረለት ጽፎ ይተው። መቃኛው የተቋሙ ከሆነ እዚያው ይቅር። ነገ ደንበኛው ያው ተቋም ነው። ንግድ ፈቃድና ደረሰኝም ያዘጋጅ፤ ያለ ደረሰኝ ተቋም አይከፍልም።

ብዙ ኃላፊዎች ግን ሰው ሲለቅ ያኮርፋሉ፣ ከዚያ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የፒያኖ ቴክኒሻን በማስታወቂያ አይገኝም። ቦታው ክፍት ሆኖ ይከርማል። ለዓመታት ሳይቃኝ የቆየ ፒያኖ ቅኝቱ በጣም ስለሚወርድ በአንድ ዙር አይመለስም፤ ሲወጠር ያረጁ ክሮች ይበጠሳሉ። ከአዲስ አበባ ሰው ማስመጣትም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና አበል ነው።

ውሉ ከባድ አይደለም። በዓመት ሁለት ቅኝት፣ ክፍያው በፒያኖ፣ ሲጠራ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ዕቃ ማን እንደሚገዛ ይጻፍ። አንድ ወጣት አብሮ ቆሞ እንዲማርም ይጨመርበት። ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ እኔ ብታመም የሚተካኝ ሰው ያስፈልጋል። ወጣት መድቦ ለሚያዋውለኝ ተቋም ለማስተምርበት ሰዓት ክፍያ አልጠይቅም።