ማስተካከያ፦ ታራንቱላ ቆዳዋን ስትቀይር

ባለፈው ጽሑፌ፣ ሲነኳቸው እንደ ኳስ የሚጠቀለሉትን ግራጫ ትንንሽ ፍጥረታት ከማንኛውም ታራንቱላ (ሰው ቤት የሚያኖራት ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት) ጋር በአንድ የመስታወት ሣጥን ማኖር ይቻላል ብዬ ነበር። ነፍሳትም ብያቸዋለሁ። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ይቅርታ።

ነፍሳት አይደሉም። 14 እግር ያላቸው የሸርጣን ዘመዶች ናቸው። ለመተንፈስም እርጥበት ይፈልጋሉ። እዚህ ፒያሳ፣ ግቢያችን ውስጥ የአበባ ጣሳ ሳነሳ የማገኛቸው ሥሩ ሲረጥብ ነው። ስለዚህ ደረቅ አፈር ከሚስማማት ታራንቱላ ጋር አይሆኑም፤ ቶሎ ይሞታሉ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነው። ታራንቱላ አሮጌ ቆዳዋን ስትጥል ብዙ ጊዜ በጀርባዋ ትተኛለች። ከጣለች በኋላ ሰውነቷ ለስላሳ ይሆናል፤ መንከሻዋም ሳይቀር ነጭና ለስላሳ ነው። ለቀናት ራሷን መከላከል አትችልም። እነዚህ ፍጥረታት በዝተው ከተራቡ፣ በተለይ ትልልቆቹ፣ ሊጎዷት ይችላሉ።

ሻጋታና የምግብ ትራፊ ማጽዳታቸው እውነት ነው፤ እሱን አልሻርኩም። እርጥበት ለምትወድ ታራንቱላ ከእነዚህ ፍጥረታት ዘመዶች ትንንሾቹ ነጮቹ ይሻላሉ። የደረቀ ቅጠል አይጥፋባቸው። ከመንገድ ዳር የተለቀሙትን ግን አታስገቡ፤ ፀረ ተባይ ነክቷቸው ሊሆን ይችላል። በጀርባዋ የተኛችውንም ሞታለች ብላችሁ አትንኳት፣ አደራ።