ነፋሱን ማገድ ወይስ ማስገባት?

በቨርጂኒያ የሚኖሩ አራት የማውቃቸው ሞተረኞች፣ ከመካከላቸው አንዱ ሃርሊ ዴቪድሰን ስትሪት ግላይድ ከገዛ ወዲህ፣ በተገናኙ ቁጥር የሚከራከሩት ስለ ነፋስ ነው። የሞተሩ ባለቤት በሰዓት 35 ማይል በሚነዳበት በስካይላይን ድራይቭ የተራራ መንገድ ላይ ምንም አይቸገርም፤ ወደዚያ በሚያደርሰው ኢንተርስቴት 66 አውራ ጎዳና ላይ 70 ማይል ሲገባ ግን ነፋሱ ሄልሜቱን ግራና ቀኝ እየናጠ የመንገድ ምልክት እንኳ ያደበዝዝበታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን በዚህ ማንም አልተገረመም። ያጣላቸው መፍትሔው ነው።

ባለቤቱ አጭሩን የፊት መስታወት አውልቆ ረጅም ሊገጥም ቆርጧል። «ነፋሱ ከጭንቅላቴ በላይ ካለፈ ምን ያደርገኛል?» ባይ ነው። ሁለተኛው ይህን አልተቀበለም፦ «መስታወቱ በረዘመ ቁጥር ከኋላው ግፊቱ ያነሰ ቦታ ይሰፋል፤ ያ ቦታ ከጎንና ከታች አየር ይስባል፤ የተሳበው ከላይ ከሚያልፈው ጋር ሲጋጭ አዙሪት ይፈጠራል፤ አዙሪቱ ደግሞ አንተ ጭንቅላት ላይ ነው የሚያርፈው። ይልቅ አሳጥረው፤ ያልተበጠበጠ ነፋስ ይገፋሃል እንጂ አይንጥህም።»

ሦስተኛዋ ተመሳሳይ ሞተር የምትነዳ ናት፤ የእሷ ክርክር ከታች ይጀምራል። የዚህ ሞተር የፊት ሽፋን፣ ማለትም መብራቱንና መስታወቱን የያዘው አካል፣ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር እንጂ እንደ ሌላው የሃርሊ ሞዴል እንደ ሮድ ግላይድ ከሻሲው ጋር የታሰረ ስላልሆነ፣ ከሽፋኑ በታች ባለው ክፍተት ነፋስ ሽቅብ ወደ ደረት ይወጣል። እሷም የፊት ጎማውን በያዙት ዘንጎች ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የነፋስ መመለሻዎች አስራ መናጡ እንደቀነሰላት ትናገራለች። ባለቤቱ «በሐምሌ ሙቀትስ?» ቢላት «ያኔ አወልቃቸዋለሁ፤ ደቂቃም አይፈጅ» አለችው።

በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «መጀመሪያ ጆሯችሁን ድፈኑ» አሉ። በአውራ ጎዳና ፍጥነት በሄልሜት ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ጩኸት 100 ዴሲቤል ሊደርስ ስለሚችል፣ ከመናጡ የመጣ የሚመስለው ድካም ከፊሉ የጩኸቱ ነው ይላሉ። «እሱስ ልክ ነው ጋሼ፣ ግን አንገቴን ምን ያድርግልኝ?» ብሎ ባለቤቱ ተከራከራቸው፤ እሳቸውም አልመለሱለትም።

እኔ ስለ ምክንያቱ ሁለተኛው የተናገረውን እቀበላለሁ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ሞዴል ጀምሮ በዚሁ ሽፋን ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መግቢያ ሠርቷል፤ የጭንቅላትን መናጥ ለመቀነስ የመረጠው ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን የግፊት ጉድለት ከፊት በሚገባ አየር መሙላትን ነው። የሦስተኛዋ ዘዴ የሚዘጋ፣ የፋብሪካው የሚከፍት መሆኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ከታች ተበጥብጦ የሚወጣውን ይመልሳል፣ ሌላው ከፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ያስገባል። ስለዚህ ባለቤቱ በመጀመሪያ ብርድ ሲሆን የዘጋውን ያንን መግቢያ ከፍቶ ይንዳ። ካልበቃው የነፋስ መመለሻ ከመግዛቱ በፊት በዚያው ቦታ ጠንካራ ካርቶን፣ መሪው እስከ ዳር ሲዞር ምንም እንዳይነካ አድርጎ፣ በፕላስተር ለጥፎ ይሞክር። ሁለቱን በአንድ ቀን ከለወጠ ግን የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

አጭር መስታወት የሚለውን ምክር ግን ለሁሉም አልመክርም፤ በብርድ ወራት ለሚነዳና ደረቱ ላይ የሚያርፈው ነፋስ ለሚያደክመው ሰው አይሆንም። የመስታወቱ ጫፍ ከዐይን መስመር ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝናብ ባረጠበው የመስታወቱ ፕላስቲክ ውስጥ በሌሊት አሻግሮ ማየት ከመናጡ የባሰ ነው። ረጅሙ መስታወት ከመሪው ጋር በሚዞር ሽፋን ላይ ሲገጠም ደግሞ ከከባድ መኪና ጎን ሲታለፍ የሚመጣውን የጎን ነፋስ ተቀብሎ ወደ እጅ ያመጣዋል። ሻጩ መልሶ የሚቀበል ካልሆነ በቀር፣ እኔ ባለቤቱን ብሆን አልገዛውም።