ሽፋን የሌለው ካሴት

ባለፈው እንቁጣጣሽ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ባለን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ የኤፍሬም ታምሩን የቆየ ዘፈን ለቀቀች። ግሩፑ ወዲያው ሞቀ። ዱባይ ያለችው አለቀስኩ አለች፣ ደሴ የቀረው አብሮ እየዘፈነ ድምፁን ቀድቶ ላከ፣ ሌላው "ያ ዘመን የት ሄደ?" እያለ አመሸ። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ግጥሙ የማን ነው? ዝም። ስንኙን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው የምናውቅ ሰዎች፣ የጻፈውን ሰው ግን አንዳችንም አናውቅም።

ነገሩ ከነከነኝ። ሳስበው ጥፋቱ ከልጅነታችን ይጀምራል። ያደግነው በኮፒ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ደሴ ውስጥ ለጎረመስን ልጆች ዘፈን ማለት ኮፒ ካሴት ነበር። ኦሪጂናል የሚገዛው ደሞዝ ያለው ሰው ነው። እኛ አንድ የቆየ ካሴት ከቤት እንፈልጋለን። ካሴቱ አናቱ ላይ በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ ላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ ቀዳዳውን ወረቀት ጠቅጥቀን እንደፍነዋለን። ከዚያ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ምርጫችንን ጽፈን ፒያሳ ወዳለው ሙዚቃ ቤት ይዘን እንሄዳለን፤ ንዋይ ደበበ ሦስት፣ አስቴር አወቀ ሁለት፣ ፀሐዬ ዮሐንስ ሁለት፣ ቦታ ከተረፈ ኤፍሬም። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ጎኑ የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ነውና የመጨረሻው ዘፈን ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ዛሬ እነዚያን ዘፈኖች ሙሉውን ስሰማ እንኳ የተቆረጡበት ቦታ ሲደርስ ጆሮዬ ጸጥታውን ይጠብቃል።

ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋይ ላለመጨረስ ካሴቱን የምናጠነጥነው በእስክሪብቶ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይወፍራል፣ ያኔ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያቺን ፀሐይ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው መዝናኛችን የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነበር። በእረፍት ሰዓት የተሰነጠቀው ስፒከር "ይህ ዘፈን ከአሥረኛ ቢ ለዘጠነኛ ሲ ተመርጧል" ሲል ግቢው በሙሉ ማን ለማን እንደመረጠ ለማወቅ ይተራመሳል። ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት አለ፤ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የህንድ ፊልም እያየን የማናውቀውን ቋንቋ አብረን እንዘፍናለን። ሰርግ ሲመጣ ደግሞ የማሪቱ ለገሰ ካሴት ይከፈታል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የእኛው የወሎ ስም ነው፣ እኛ ግን ያኔ የእናቶቻችን ዘፈን ነው ብለን አዲስ አበባ የወጣውን አዲስ ነገር ነበር የምናሳድደው። ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

እና ኮፒ ካሴት ሽፋን የለውም። ነገሩ ይኼው ነው። ሙዚቃ ቤቱ ዘፈኑን ይቀዳልናል፣ ስሞቹ ግን ኦሪጂናሉ ላይ ይቀራሉ። የመጀመሪያውን ኦሪጂናል በደንብ ያየሁት ኮምቦልቻ አጎቴ ቤት ነው። ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያወጣሁ ሽፋኑን አነበብኩ። ግጥም ይልማ ገብረአብ። ዜማ አበበ መለሰ። ሌላውን ስከፍት እነዚሁ ስሞች እንደገና ይመጣሉ፣ ዘፋኙ ሌላ ሆኖ። ያንን ሁሉ የጉርምስና ሌሊት አብረውኝ ያመሹት እነሱም እንደነበሩ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን የእኛ እኩዮች ናፍቆታቸውን የሚገልጹት የዘንድሮን ልጆች በመውቀስ ነው። "የዛሬ ዘፈን ዘፈን አይደለም" ይላሉ። አልስማማም። ልጆቹ የራሳቸው ዘመን አላቸው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እነሱም ያለቅሳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ እኛው ነን። ድሮ በካሴት ያደረግነውን ዛሬ በስልክ እየደገምነው ነው። ማን እንደጫነው የማይታወቅ ቻናል ላይ ያለ ዘፈን ሼር እናደርጋለን፣ ስር የእንባ ኮሜንት እንጽፋለን፣ ገቢ ካለውም የሚሄደው ለጫነው ሰው ነው። ልጅ ሆነን ገንዘብ አልነበረንም። ዛሬ ምን እንላለን?

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል። በዚህ ሕግ የደራሲ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የጉርምስናችን ዘፈኖች "የድሮ" ስለተባሉ ብቻ ባለቤት አልባ አልሆኑም። ባለሙያዎቹም መንገድ ሳይፈልጉ አልቀሩም። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 አውታር የሚባል የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አስጀምሮ ነበር። በ2012 መስከረም ላይ አረፈ። ያን ሰሞን ፎቶውን ያልለጠፈ ሰው አልነበረም። ከለጠፍነው ውስጥ ስንቶቻችን አንድ ዘፈን ገዝተን እንደምናውቅ ራሳችንን ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ዘፋኙ የራሱ ቻናል ካለው ከዚያ እንስማ፣ የሚሸጥ ከሆነ እንግዛ። የሬዲዮ አዘጋጆችም ዘፈን ሲያስተዋውቁ ገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን በስም ይጥሩልን፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ሰዓት አይጠፋም። ቤታችን ኦሪጂናል ካሴት ካለ ደግሞ ሽፋኑን ፎቶ አንስተን እናስቀምጠው፣ ወረቀቱ ሳይበጣጠስ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ ደሴ ያለው ጓደኛችን የእናቱን ቁም ሳጥን ከፍቶ አራት ሽፋን ፎቶ አንስቶ ላከልን። አንዱ ጥጉ በአይጥ ተበልቷል፣ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ዘፈን የሚለቅ ሰው ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ብሎ ሦስቱንም ስም ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዘፈን ያለ አቀናባሪ ስም ወጣ፤ ዱባይ ያለችው አሁንም እያፈላለገች ነው።