ወደ ቱቦው የምትለቁት ገንዘባችሁን ነው

የባሕር ዳር ባለሀብቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ወገኖቼ! ዛሬ ገበሬውን ተዉት። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የከረመው እሱ ነው። እናንተ ክረምት ሲገባ ቲሸርት አሳትማችሁ ችግኝ ትተክላላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። የፋብሪካችሁ ፍሳሽ የት እንደሚወጣ ግን ሄዳችሁ አይታችኋል?

«አካባቢ ጥበቃ ወጪ ነው» ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ የሚተከል ማጣሪያ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ምርት አይጨምርም። ቢሆንም ከተፈቀደው በላይ መበከል በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልክል ነው፤ አማራጭ የላችሁም።

ትርፉ ያለው ከቱቦው በፊት፣ እዚያው ማምረቻው ውስጥ ነው። ቆዳ ፋብሪካን እንይ። ቆዳ የሚለፋው ክሮም በሚባል ኬሚካል ነው፤ በተለመደው አሠራር ቆዳው ከክሮሙ የሚመጠው ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይሄዳል። በዶላር የተገዛ ክሮም! ዶላር ለማግኘት ስንት ደጅ እንደምትጠኑ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ። ፍሳሹን አጠራቅሞ፣ ክሮሙን በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ በሰልፈሪክ አሲድ አሟምቶ ድጋሚ መጠቀም የቆየ ዘዴ ነው። ቦይለር ያላችሁም፣ እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ውሃ ሲሆን ትኩሱን አትድፉት፤ ወደ ቦይለሩ መልሱት። የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ይህን ቴክኒሻኖቻችሁ ያውቁታል። ግን አለቃው የሚጠይቀው «ዛሬ ስንት አመረታችሁ?» ብቻ ከሆነ ማን አፉን ይከፍታል? አለቃው ስለ ውሃና ስለ ናፍጣ መጠየቅ ሲጀምር ነው ሌላውም ቆጣሪ ማየት የሚጀምረው።

ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላችሁማ የባሰ ነው። የምትሸጡት እኮ ጣናን ነው! ለመስኮቱ እይታ ታስከፍላላችሁ፤ ከመሃላችሁ አንዳንዱ ፍሳሹን በጓሮ ወደዚያው ሐይቅ ይለቃል። «ሰፊ ነው፣ ይችለዋል» አትበሉ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ቢሆን ነው። እንቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁለቱንም ይዟል።

ሰኞ ጠዋት የውሃና የነዳጅ ሂሳቡን አስመጡ። ለአንድ ቆዳ፣ ለአንድ ሜትር ጨርቅ፣ ለአንድ አዳሪ እንግዳ ስንት እንደሚወጣ አስሉ። ከዚያ የጥገና ኃላፊውን ይዛችሁ ቱቦውን እስከ መውጫው ተከተሉት። ሰው አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ።